ኪሎሜትሯ ስንት ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የሰባት ቀን የአሮጌ መኪና ፍለጋ

ቀን 1፣ ሰኞ፦ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ

ፍለጋው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኪሎሜትራቸው ግን ጥቂት የሆነ መኪኖችን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቷ ጨመረ። ዋጋ ሲወደድ የኪሎሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስም አብሮ ይመጣል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ ጠንካራ ባትሪ መብራት፣ በእንጨት ላይ የታሰረ ትንሽ መስታወት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ግፊት) መለኪያ ከ14 ሚሊሜትር ጥርስ ጋር፣ ካሊፐር፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ከ8 እስከ 19 ቁጥር ቁልፎች፣ ባለ 6 አለን ቁልፍ፣ ግራሶ፣ ጥቂት አዲስ ኮፒሊያ (ጫፉ ታጥፎ የሚይዝ የብረት ፒን)፣ ደብተር። ደብተሩ ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። በቀኝ በኩል ቆጣሪው የሚለው፣ በግራ በኩል ሌላው የመኪናው አካል የሚለው ይጻፋል።

የመጀመሪያዋ ቮልስ ናት፤ የ1973 ሞዴል (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)፣ ባለ 1300 ሞተር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመች። ቆጣሪዋ 41,212 ይላል። ሂሳቡን መጀመሪያ መሥራት ይጠቅማል። በከተማ ውስጥ በቀን 30 ኪሎሜትር የምትሄድ መኪና በዓመት በ300 ቀን 9,000 ትሄዳለች፤ በ50 ዓመት 450,000። ይህቺ ግን በዓመት 800 ገደማ፣ በሳምንት 15 ኪሎሜትር ብቻ ሄዳለች ማለት ነው። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ቤት። ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የቮልስ ቆጣሪ ባለ አምስት አሃዝ ስለሆነ ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 41,212 ማለት 141,212ም ሊሆን ይችላል። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይዋሽ።

ምርመራው ከቁጥር ይጀምራል። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሃሉ የወለል ጉብታ ላይ ተቀርጿል፤ በዚህ ዘመን ቮልሶች ላይ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። በ113 የሚጀምረው የ1973 ነው። የሞተሩ ቁጥር ጄነሬተሩ ከቆመበት እግር ሥር ይገኛል፤ «ኤቢ» በሚሉ ፊደላት መጀመሩ ከነሐሴ 1970 እስከ ሐምሌ 1973 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተሠራ 1300 ሞተር መሆኑን ያሳያል። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር ገጥመዋል። ይህ የሚያስረዳው መኪናዋ ከነሞተሯ የመጣች መሆኗን እንጂ ኪሎሜትሯን አይደለም።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ። የሚፈቀደው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ 0.15 ካለፈ ሞተሩ መከፈት አለበት። ይህን ያህል በእጅ አይታወቅም። «ቷ ቷ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን አልፏል ማለት ነው። እዚህ ምንም አልተሰማም።

ኮምፕሬሽኑ 6.1፣ 6.0፣ 6.2 እና 5.9 ባር ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። እዚህ 6 ያነበበው ሞተር ባሕር ዳርቻ ቢለካ 8 አካባቢ ያነባል። ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ዋጋ ማስጣልም፣ ደህናውን ሞተር መክፈትም ስህተት ነው። ዋናው ነገር የአራቱ መቀራረብ ነው።

ከዳሽቦርዱ ኪስ ሦስት የዘይት መቀየሪያ ካርዶች ወጡ፦ በ1989 ዓ.ም. 29,400፣ በ1998 ዓ.ም. 34,100፣ በ2011 ዓ.ም. 38,900። እነዚህ ወርቅ ናቸው፤ ግን የት ድረስ እንደሚመሰክሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1989 ወዲህ ቁጥሩ ዞሮ አለመጀመሩን ያረጋግጣሉ። ከዚያ በፊት ባሉት 24 ዓመታት 29,400 ሄዳለች ወይስ 129,400? ካርዱ ዝም ይላል። መልሱ ያለው የፊት ግራ ጎማ ላይ ነው። ባለቤቱ ስላረፉና ወራሾቹ እሁድ ስለሚሰባሰቡ ከዚያ በፊት ጎማ ባይወልቅ መረጡ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት መውጣቱ ግን ዛሬውኑ ተጠይቋል፤ እሱ ከሌለ ስም ማዛወር አይታሰብም።

ቀን 2፣ ማክሰኞ፦ ከደላላ እስከ አዳማ

ጠዋት ሁለት መኪኖች። «አንድ እጅ ናት ጋሼ፣ ቀለም ያልነካት!» የተባለላት የ1980ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ኮሮላ፣ ባለ 1.3 ሊትር 2ኢ ሞተር፣ ቆጣሪዋ 58,000። የሜካኒካል ቆጣሪ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ዳሽቦርዱ ይከፈታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የዳሽቦርዱ ቪቶች ራስ ነው፤ በካቻቢቴ የተፋቀ ከሆነ ምክንያቱ ይጠየቃል። ከዚያ የቁጥሮቹ መስመር። በየጊዜው የምትዞረው የመጨረሻዋ አሃዝ ብትንጋደድ ተፈጥሯዊ ነው፤ የአሥር ሺው አሃዝ ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ግን እጅ ገብቷል።

2ኢ ሞተር ታይሚንጉ (የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚጠብቀው) በላስቲክ ቺንጋ ነው፤ የሚቀየረው በ100,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የላይኛው የላስቲክ ክዳን ተነስቶ ሲታይ ቺንጋው አዲስ ነው፣ ክዳኑ ላይም አሮጌ የእጅ ምልክት አለ። 58,000 ላይ ለምን ተቀየረ? «በዕድሜ ነው» የሚል መልስ ያስኬዳል፤ ላስቲክ በዕድሜም ይሞታል። ነገር ግን የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ አዲስ፣ የነዳጁ ፔዳል ጎማ ደግሞ ጠርዙ አልቆ ብረቱ የወጣ ነው። ፔዳል ጎማ የሚቀይር ሰው ብዙውን ጊዜ የነዳጁን ይረሳዋል። በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ «158 ወይም 258» ተጻፈ።

ሁለተኛዋ ቪትዝ በዲጂታል ቆጣሪ 74,000 ትላለች። በዲጂታል ላይ የሚንጋደድ አሃዝ የለም። ቁጥሩ የተቀመጠው በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ መሣሪያው ላለው ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። እዚህ የሚያዋጣው ወረቀት ነው። ከጃፓን በቀጥታ የመጣች መኪና የኤክስፖርት ሰርተፊኬት አላት፤ በምርመራ ጊዜ የተመዘገበው ኪሎሜትር እዚያ ላይ አለ። ባለቤቱ ጠፍቶብኛል ካለ በጉምሩክ ፋይሉ ውስጥ ኮፒው ሊኖር ይችላል። የአውሮፓ መኪኖች ከሆኑ ደግሞ ኪሎሜትሩ ከዳሽቦርዱ ሌላ በሌሎች ኮምፒውተሮቻቸው ውስጥም ሊገኝ ስለሚችል በጥሩ ስካነር ማስተያየት ይቻላል። ከአሜሪካ የመጣች መኪና ስትገጥም ሌላ ወጥመድ አለ። ቆጣሪው በማይል ነው፤ 60,000 ማይል 96,560 ኪሎሜትር ገደማ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የፍጥነት መንገድ ወደ አዳማ። አዳማ ማደር ብቻ።

ቀን 3፣ ረቡዕ፦ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ጭሮ

የበሰቃ ሐይቅንና የፈንታሌን ጥቁር ድንጋይ አልፎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወደ ሚሌና ጅቡቲ፣ ቀኙ ወደ ሐረርጌ ነው። ከዚህ ጀምሮ ሙቀቱ የመኪና ላስቲክን ይበላል። ቆላ ላይ የቆመች መኪና ብረቷ ደረቅና ዝገት የሌለው ይሆንና የበር ጎማዋ እንደ ብስኩት ይሰባበራል፤ ዳሽቦርዷ ይሰነጠቃል። ይህን አይቶ «ብዙ ተነድታለች» ማለት ስህተት ነው። ፀሐይ ኪሎሜትር አይቆጥርም። የባሕር ጨው ባለበት የቆየች ከሆነች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥቂት ተነድታም ወለሏ ያልቃል።

ጭሮ ላይ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነበረች፤ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር፣ ቆጣሪዋ 84,000፣ ቀድሞ ኮድ 5 የነበረች። ታርጋ ታሪክ ይናገራል፦ ለረጅም ዘመን ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት፣ ኮድ 5 የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነበር። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ከሆነች ደግሞ ቀረጡ ተከፍሎ መሆኑ በወረቀት ይረጋገጥ፤ አለዚያ ገዢው ያልጠበቀው ዕዳ ይከተለዋል።

በዚህ ሞተር ላይ የሚረዳ ነገር አለ። ቆጣሪው 100,000 ሲደርስ (በአንዳንድ አገር በተሸጡት 150,000) ዳሽቦርዱ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ መብራት ይበራል። ቺንጋው ከተቀየረ በኋላ መብራቱ የሚጠፋው፣ እንደ ሞዴሉ፣ ከቆጣሪው ጀርባ አንዲት ቪት ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው በማዛወር ወይም በጎማ ድፍን ሥር ያለችውን ቁልፍ በመጫን ነው። ቆጣሪው 84,000 እያለ ቪቷ ተዛውራ ከተገኘች መብራቱ ቀደም ሲል በርቶ ነበር ማለት ነው። እዚህ ተዛውራለች። በመስታወት ሲታይ ደግሞ ጣሪያው ላይ በፑቲ የተደፈኑ አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ የአምቡላንስ መብራት የታሰረባቸው። አምቡላንስ ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ቆሞ የሚያሳልፈው ሰዓት ቆጣሪ ላይ አይጻፍም፤ ሞተሩ ግን ይከፍልበታል። ይህቺ ታልፋለች።

ቀን 4፣ ሐሙስ፦ ሂርና፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ

የጨርጨር ተራራ መንገድ ራሱ መመርመሪያ ነው። ከደንገጎ መገንጠያ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ፣ እግር ከነዳጅ ተነስቶ ትውረድ። ከታች ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ብቅ ካለ ዘይት በቫልቭ ጋይድ እየወረደ ነው። ሽቅብ ሲወጣ፣ ሞተሩ ተጭኖ እያለ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ወደ ፋሻው ያመለክታል። ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውኃ መጉደል ጋር ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው። ቁልቁለት የሌለበት ከተማ የሚመረምር ሰው ይህን ለማየት ይቸገራል።

ቀን 5፣ ዓርብ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ድሬዳዋ ፈረንሳዮች በዘረጉት ባቡር ምክንያት በ1902 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ፔጆ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከዚራ ውስጥ በግቢ የቆመችው ፔጆ 404 ናት፤ 1,618 ሲሲ፣ ማርሽ መለወጫዋ መሪው ሥር፣ ቆጣሪዋ 62,418። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አልተነሳችም ተብሏል። ጎማዋ ላይ የዶት ቁጥር መጨረሻው 2212 ነው፤ የተሠራው በ2012 ዓመት 22ኛ ሳምንት ነው ማለት ነው። ይህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ግንቦት 2004 ነው። የጎማው ጥርስ ገና ሙሉ ነው፤ የተባለው ጊዜ ያስኬዳል። ሊብሬ ላይ ያለው ዓመትም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይጠየቅ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲትን መኪና ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ወይም አሮጌ ያደርጋታል።

ለዓመታት የቆመችን መኪና ባትሪ አምጥቶ ወዲያው ማስነሳት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ጥቂት የተነዳ ሞተር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ዘይት ደርቋል፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ፋሻውን ይፍቁታል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ካንዴላዎቹ ይወልቃሉ። በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይፈስስና ሌሊቱን ያድራል። በማግስቱ ማርሹ ነፃ ሆኖ የኮሎው ፑሊ በቁልፍ፣ በእጅ ኃይል ብቻ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ከተጣበቀ አይገደድም፣ ዘይት ተጨምሮ ሌላ ቀን ይታገሳል። አሮጌው ዘይት ይፈስሳል፤ ከዘይቱ በፊት ውኃ ከወጣ ወይም ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ከገባ በኋላ፣ ካንዴላ ሳይመለስ፣ በሞተሪኖ አሥር አሥር ሰከንድ ብቻ፣ የዘይት መብራት እስኪጠፋ ይዞራል። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ስለሚሆን አይነካም። ባለ 2 ሊትር ጀሪካን አዲስ ቤንዚን ለጊዜው ከቤንዚን ፓምፑ ቱቦ ጋር ይያያዛል።

ሞተሩ ተነሳ ማለት መኪናዋ ትነዳለች ማለት አይደለም። የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ከውስጥ ያብጣሉ፤ ፔዳሉ ሲጫን ዘይቱ ያልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመለስም፣ ጎማውም ተይዞ ይቀራል። የፍሪሲዮን ዲስኩም ሊጣበቅ ይችላል። በ404 ላይ ተጨማሪ መታየት ያለበት የራዲያተሩ ፋን ነው፤ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ የሚያያዝ በመሆኑ ካርቦኑ ካለቀ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ ሞተሩ በድሬዳዋ ሙቀት ይቀቀላል። የኋላ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በትል ጥርስ የሚሠራ ነው፤ የተሳሳተ ዘይት ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ኪሎሜትሩ። ኮምፕሬሽኗ ደርቆ ከቆየ ሞተር የማይጠበቅ ያህል ጥሩ ነው፤ ያ ግን አያስደስትም። 404 ሲሊንደሮቹ ተነቃይ ላይነሮች (ፒስተኑ የሚመላለስባቸው የብረት ቱቦዎች) ናቸው። አራቱን ላይነር ከነፒስተኑ መቀየር ሞተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጥሩ ሞተር የጥቂት ኪሎሜትር ማስረጃ አይሆንም። የቴስታታው ዳዶዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ንጹሕ ናቸው፣ በብሎኩ ጠርዝም ማሸጊያ ተጨምቆ ወጥቷል። ሞተሩ ተከፍቷል። የሹፌሩ በር ከጫፉ ከፍ ሲደረግ ይነሳል፤ ማጠፊያው ተበልቷል። የማርሽ መለወጫው ሳይገባ በፊት አራት ጣት ያህል ይዋልላል። ለፍርድ ግን ማመሳከሪያ ያስፈልጋል፣ ማመሳከሪያውም ሐረር አለ።

ቀን 6፣ ቅዳሜ፦ ሐረር

የሐረር ፔጆ ታክሲዎች ለዚህ ሥራ ምርጥ አስተማሪ ናቸው። ለአሥርት ዓመታት የሠሩ 404ዎች ከጥቂቱ ከተነዱት ጎን ሲታዩ ዓይን ይማራል፤ የትኛው ቦታ በአጠቃቀም፣ የትኛው በዕድሜ ብቻ እንደሚያልቅ ይለያል። የታክሲው ፔዳል ጎማው ብቻ ሳይሆን የተሰቀለበት ቡሺኑም (የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል፤ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ይጫወታል። በር ማጠፊያው፣ የመሪው ጠርዝ የሚያዝበት ቦታ፣ የወንበሩ ግራ ጠርዝ፣ የቁልፉ ጥርስ ሁሉ እኩል አርጅተዋል። አጭበርባሪ ሁሉንም በአንድነት አይቀይርም፤ የሚቀይረው ገዢ የሚያያቸውን ነው። የድሬዳዋዋ ፔጆ ፔዳል ጎማዋ አዲስ፣ የፔዳሉ ቡሺን ግን ለታክሲው የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። በደብተሩ ግራ ገጽ 162,418 ተብሎ ተጻፈ። በ162,000 ዋጋ ቢሸጧት ጥሩ መኪና ናት፤ ዝገት የላትም፣ ሞተሯም በደንብ ተሠርቷል። በ62,000 ዋጋ ግን አትገዛም፤ ይህም ለባለቤቱ በአክብሮት ተነግሯል።

ከሰዓት በኋላ መልስ፣ ማታ አዋሽ።

ቀን 7፣ እሁድ፦ ጉለሌ

ወራሾቹ ተሰብስበዋል፤ የፍርድ ቤቱ ወረቀትም ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቮልስ ቆጣሪውን የሚያዞረው ከካምቢዮ ሳይሆን ከፊት ግራ ጎማ ነው። ኬብሉ በጎማው መሃል አልፎ ባለ አራት ማዕዘን ጫፉ በግራሶ ክዳኑ ላይ ይወጣል፤ እዚያ በአንዲት ትንሽ ኮፒሊያ ይያዛል። ኮፒሊያዋ ከሌለች መኪናዋ ትሄዳለች፣ ቆጣሪው ግን ይተኛል። አንድ ሰው ያንን ለዓመታት ሊያደርግ ይችል ነበር፤ ዳሽቦርድ መክፈት አያሻውም።

ኮፒሊያዋ በቦታዋ አለች፤ ጥቁር፣ በደረቀ ግራሶ የተሸፈነች፣ ጫፎቿ አንዴ ብቻ የታጠፉ። በተደጋጋሚ የተፈታች ቢሆን ኖሮ የብረቱ መታጠፊያ ይሰነጠቅ ነበር። ክዳኑ ወለቀ። የግራ ጎማ ዳዶ የተገላቢጦሽ ጥርስ ስላለው የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጥርሱን ይበላዋል። መጀመሪያ የአለን ቪቱ ይላላል፣ ከዚያ ዳዶው፣ ከዚያ ፍሬን ታምቡሩ በሁለት እጅ ወደ ውጭ ይሳባል። ኩሽኔታዎቹ ላይ የሙቀት ሰማያዊ ቀለም የለም። ታምቡሩ አዲስ ሳለ ዲያሜትሩ 230 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ካሊፐሩ በሦስት ቦታ ተለክቶ 230.3፣ 230.3 እና 230.4 አነበበ፤ የተቆረጠበት የቶርኖ መስመርም የለም። 141,000 ኪሎሜትር በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት የሠራ ታምቡር እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ከወንበሩ ሥር ባትሪው የተቀመጠበት ወለል ብቻ በአሲድ ተበልቶ የመዳፍ ስፋት ያህል ቀዳዳ አለው፤ ላሜራ ይሠራለታል፣ ከዋጋውም ይቀነሳል።

ግራሶ ታድሶ፣ ኩሽኔታው ተስተካክሎ፣ አዲስ ኮፒሊያ ገብቶ ክዳኑ ተመለሰ። የመጨረሻው ሙከራ በስልክ ጂፒኤስ ነው። ከግቢው ስትወጣ ቆጣሪው 41,212 ነበር፤ እንጦጦ ሥር ዞራ ስትመለስ 41,232 ላይ ቆመ። ስልኩ 19.7 ይላል።